ልጅዎ ስልኳ ላይ ሱቅ ብትከፍት ማን ይገዛታል?

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መሃል አንዱን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። የፍቅር ጉዳይ አይደለም፤ የገንዘብ ነው። ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ እንደምታዩት በውስጡ ልጅም አለ፣ ትዳርም አለ፣ የቤተሰብ ክብርም አለ። ጸሐፊው መርካቶ ውስጥ የጫማና የልብስ ሱቅ ያላቸው አባት ናቸው። «ስሜን አደራ» ብለውኛል፤ ባይሉኝም አላወጣውም። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

ጥያቄ

«ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። ዕድሜዬ 58 ነው። በንግድ ላይ 30 ዓመት ቆይቻለሁ። ሦስት ልጆች ያሳደግሁት፣ ጎጆዬንም የቀለስኩት በዚሁ ሱቅ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ገበያው ቀዝቅዟል። ወጣቱ በሱቄ ደጃፍ ስልኩን እያየ ያልፋል እንጂ ቀና ብሎ አያይም።

ሁለተኛዋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ ስታጣ እኔው ጋ መጣች። ጎበዝ ናት፣ አልዋሽም። ግን ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ? ማታ ሱቁ ሲዘጋ መብራት አብርታ፣ ስልኳን ስታንድ ላይ አቁማ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻዋን ትለፈልፋለች። ጫማ ታነሳለች፣ ታጥፋለች፣ ትጫማለች... ‹ላይቭ ነው አባዬ› ትለኛለች። አንድ ማታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። ስልኩ ስድስት መቶ ሰው እያያት ነው ይላል። የገዛው ግን ሦስት ሰው ነው! የቀረው ‹ታምሪያለሽ›፣ ‹ባል አለሽ?› የሚል ነው። ሌላውን ልጽፈው አፍራለሁ። እናቷ ‹ልጄን የመንደር መሳለቂያ አደረግካት› ብላ ካኮረፈችኝ ወር ሞላኝ።

አሁን ደግሞ ባለፈው ሳምንት የ300 ሺህ ብር ዕቁብ ወጣልኝ። ሱቁን ዕቃ ልሞላበት ነበር። ልጅቷ ግን ‹200 ሺውን ስጠኝ፤ ለብቻዬ ክፍል ተከራይቼ፣ ጥሩ ስልክና መብራት ገዝቼ፣ አንድ ልጅ ቀጥሬ በቪዲዮ ልሽጥ። ካልሆነ ዱባይ እሄዳለሁ› አለችኝ። ወጣቱ እውነት በቪዲዮ ይገዛል? ወይስ አይቶ፣ ተሳስቆ የሚያልፍ ነው? ገንዘቡን ልስጣት ወይስ ልከልክላት? መልሳችሁን በጋዜጣው እጠብቃለሁ።

ግራ የገባኝ አባት፣ ከመርካቶ»

መልስ

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥያቄዎ አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። ወጣት በቪዲዮ ይገዛል ወይ? ልጅዎስ ልትሸጥለት ትችላለች ወይ? ዕቁቡስ ምን ይሁን? ሦስቱን አንድ ላይ ከጨፈለቅናቸው ወይ ልጅቷን እንበድላለን፣ ወይ ገንዘቡን እንበትናለን። ስለዚህ በየተራ እንሂድ።

ነገሩ ከየት መጣ?

ልጅዎ የምትሠራው ሥራ ለእርስዎ ለመርካቶው ሰው እንግዳ ሊሆንብዎ አይገባም። ሰልቫጅ ነጋዴው ቦንዳ ሲፈታ ምን ያደርጋል? ከፍ ያለ ነገር ላይ ይቆማል፣ ልብሱን ያራግባል፣ ዋጋውን ይጮሃል፣ ከተሰበሰበው ሰው ጋር ይቀላለዳል፣ «ይቺ አንድ ብቻ ናት፣ ሳታመልጥህ!» ይላል። ልጅዎም ማታ ማታ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የሷ ገበያተኛ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የሚያያት መሆኑ ነው።

በስክሪን መሸጥም ቢሆን የትናንት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ክሊርዋተር በምትባል ከተማ አንድ ነጋዴ በራዲዮ ማስታወቂያ አስነግሮ የሚከፍለው ቢያጣ በዕዳው ፈንታ 112 የቆርቆሮ መክፈቻ ሰጠ። የጣቢያው ባለቤት ምን ያድርግ? ቦብ ሰርኮስታ የተባለውን አቅራቢውን «በል፣ በአየር ላይ ሽጥልኝ» አለው። ሰውዬው ማይክሮፎኑን ይዞ ለፈለፈ፤ መክፈቻውም አለቀ። ከዚያች አጋጣሚ የተወለደው ሐሳብ በ1982 የአካባቢ የኬብል ቴሌቪዥን የሽያጭ ጣቢያ ሆነ። በ1985 ደግሞ በመላ አሜሪካ የሚታየው ኤችኤስኤን ሆነ። በ1986 ጆሴፍ ሲገል የተባሉ ነጋዴ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ኪውቪሲን መሠረቱ። ሁለቱም ሥራቸው ቀን ከሌት ዕቃ ማሳየት፣ በስልክ ትዕዛዝ መቀበልና እቤት ድረስ መላክ ነበር።

ገዢዎቻቸው በብዛት ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴቶች ናቸው። ኪውቪሲ ራሱ በ2024 ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች ብሎ የተለየ ዘመቻ ከፍቷል። እነዚህ ሴቶች የሚገዙት ማብሰያውን ብቻ አይደለም። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ብቅ የምትለዋን፣ እንደ ጎረቤት የለመዷትን አቅራቢ አምነው ነው። ወጣቱ ግን ኬብል ቴሌቪዥን ትቶ ስልኩ ላይ ተተከለ። ኩባንያው ምን አደረገ? እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ውስጥ በቲክቶክ ላይ 24 ሰዓት የማይቋረጥ የቀጥታ ሽያጭ እንደሚከፍት አስታወቀ። የ40 ዓመት ልምድ ያለው ነጋዴ ዕቃውን ተሸክሞ ወጣቱ ወዳለበት ሄደ ማለት ነው። ጋሼ፣ ልጅዎም የምትልዎት ይኸንኑ ነው።

ወጣቱ የት ገዛ፣ የት እምቢ አለ?

«ታዲያ ሄዱ፤ ወጣቱ ገዛቸው ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። መልሱ እንደ አገሩና እንደ አሠራሩ ይለያያል።

ቻይና ውስጥ ገዛ፤ ያውም ጉድ በሚያሰኝ መጠን። አሊባባ የተባለው ኩባንያ ታኦባኦ በሚለው ገበያው ላይ የቀጥታ ቪዲዮ ሽያጭ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሊ ጂያቺ የተባለ ወጣት ቀደም ሲል የመዋቢያ ዕቃ መደብር ሻጭ ነበር። ሊፒስቲኩን በራሱ ከንፈር ላይ እየቀባ ማሳየት ጀመረ። በ2018 በአምስት ደቂቃ ውስጥ 15 ሺህ ሊፒስቲክ መሸጡ በዓለም ዜና ሆነ። የሊፒስቲክ ሽያጭ ውድድር የገጠመው ደግሞ ከራሱ ከአሊባባ መሥራች ከጃክ ማ ጋር ነበር። ቢሊየነሩ በሱቅ ሠራተኛው ተሸነፈ!

አሁን ወደ ሌላው እንሻገር። ፌስቡክም ይህንኑ አይቶ የቀጥታ ቪዲዮ ሽያጭ ከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2022 ዘጋው። የሰጠው ምክንያት ተመልካቹ ወደ አጫጭር ቪዲዮዎች እያዘነበለ ነው የሚል ነበር። ኢንስታግራምም በማርች 2023 የራሱን ዘጋ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ደግሞ ቲክቶክ አሜሪካ ውስጥ የራሱን ሱቅ በይፋ ከፈተ፤ እሱም ገበያ አገኘ። ሁሉም ጋ ስክሪኑ የስልክ ነው፣ ሁሉም ጋ ሻጩ እየለፈለፈ ነው። ታዲያ አንዱ ጋ ተሽጦ ሌላው ጋ ለምን ከሰረ?

እኔ እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ቻይናዊቷ ወጣት ሊፒስቲኩን ባየችበት ስክሪን ላይ ትነካዋለች፣ እዚያው ትከፍላለች፣ ዕቃው በቀናት ውስጥ ደጇ ይመጣል፣ ካልተስማማት ትመልሳለች። ከመፈለግ እስከ መጨበጥ ያለው መንገድ አጭርም ነው፣ የታመነም ነው። ፌስቡክ ላይ ግን ሰው የሚገባው የወዳጅ ዘመድ ፎቶ ሊያይ ነው፤ አንድ ሰዓት የሚረዝም የጫማ ወሬ ሊሰማ አይደለም። ስለዚህ ቪዲዮ ብቻውን ወጣቱን አያስገዛውም። የሚያስገዛው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ወሬው አጭር ሲሆን፣ ጥያቄው እዚያው ሲመለስለት፣ ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ የሚጨነቅበት ምክንያት ሲያጣ።

ሦስት ምሽት የታዘብኩት

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ሦስት ምሽት ስልኬን ይዤ የአዲስ አበባ ልጆች በቀጥታ ሲሸጡ አየሁ። ጫማ፣ ቦርሳ፣ ሽቶ፣ የልጆች ልብስ፣ የሐበሻ ቀሚስ... የሌለ የለም። እኔን ግን ከሻጮቹ ይልቅ የሳበኝ ከታች የሚጻፈው ጥያቄ ነው።

አንደኛው ጥያቄ «ዋጋ?» ነው። አብዛኞቹ ሻጮች ምን ይላሉ? «ኢንቦክስ!» ዋጋውን በግል ጻፉልኝ ማለታቸው ነው። እንዲያ ባሉ ቁጥር የተመልካቹ ቁጥር ቀነስ ሲል አያለሁ። ወጣቱ ቂል አይደለማ! «ዋጋው ለኔ ሌላ፣ ለሱ ሌላ ሊሆን ነው» ብሎ ይጠረጥራል። አንዷ ሻጭ ግን እያንዳንዱን ጫማ ስታነሳ ዋጋውንና ያላትን ቁጥር ጮክ ብላ ትናገራለች። የሚሸጥላትም እሷ ናት።

ሁለተኛው ጥያቄ «41 አለ?»፣ «ውሃ ያስገባል?»፣ «ሶሉን አሳዪን» የሚል ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ገዢ ነው። «ታምሪያለሽ» የሚለው ተመልካች ነው። ሁለቱን ያልለየ ሻጭ ሌሊቱን ሙሉ ሲስቅ አድሮ ጠዋት ኪሱን ባዶ ያገኘዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ለእርስዎ ስል ያሰመርኩበት ነው፤ «አድራሻችሁ የት ነው?» ይላል። በየቪዲዮው ተደጋግሞ ይመጣል። ጠያቂው ምናልባት ሱቁ ድረስ አይመጣ ይሆናል። ግን ነገ ጫማው ቢፈታበት የሚጮህበት በር እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ሻጮች እዚህ ላይ ይንተባተባሉ። «ኦንላይን ብቻ ነን» ይላሉ፣ ወይም ዝም ይላሉ። ሱቅ የላቸውማ!

ጋሼ፣ የልጅዎ ሀብት እዚህ ላይ ነው። እሷ «መርካቶ፣ በዚህ ቦታ፣ ይኸው አባቴ 30 ዓመት የሸጠበት ሱቅ» ማለት ትችላለች። እዚህ ከተማ ቪዲዮ ላይ የጎደለው እምነት እንጂ የሚለፈልፍ አፍ አይደለም። እምነቱን ደግሞ እርስዎ በ30 ዓመት አጠራቅመውታል።

ስድስት መቶ አይተው ሦስት መግዛታቸው

«ስድስት መቶ አይቶ ሦስት ገዛ» ብለው ተክዘዋል። እስቲ ልጠይቅዎት። በሱቅዎ ደጃፍ በቀን ስንት ሰው ያልፋል? ከዚያ ውስጥ ስንቱ ይገባል? ከገባው ስንቱ ይገዛል? ይህን ቢቆጥሩ ልጅዎን ባልወቀሷት። ሦስቱ ጫማ የተሸጠው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ለመሸታ ሰዓት ኪራይ አልጨመሩም። ቁምነገሩ ሦስቱ ገዢዎች ተመልሰው መጥተዋል ወይ? ጓደኛ ልከዋል ወይ? የሚለው ነው። ይህን ልጅዎ በደብተር ትያዝ። የተመልካች ቁጥር ለወሬ ነው፤ ተመልሶ የመጣ ደንበኛ ቁጥር ለእንጀራ ነው።

ሌላም ልንገርዎ። ዕድሜያቸው ከሃያዎቹ ያልዘለሉ የማውቃቸውን ልጆች «በቪዲዮ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። አንዷ በሳቅ «እኔ ቪዲዮውን አይቼ ቅዳሜ ሄጄ ነው የምገዛው» አለችኝ። እንዲህ ያለችው ገዢ በልጅዎ ሂሳብ ውስጥ አትገባም። እርስዎ «ይቺ ደግሞ ዛሬ ከየት መጣች?» የሚሏት ደንበኛ እሷ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ለሱቁ አዲስ የሆነ ወጣት ሲገባ «ማን ጠቆመህ?» ብለው ይጠይቁ።

ለእናትየው

እመቤቴ፣ ይህን ጋዜጣ ባለቤትዎ ያሳዩዎት ይሆናል። ሐዘንዎ ይገባኛል። የወለዱትን ልጅ መንገደኛ ሁሉ ሲነካካት ማየት ለእናት ከባድ ነው። ግን ልጅዎ ነውር አልሠራችም፤ ነውረኛው የሚጽፈው ነው። በዚያ ላይ መፍትሔ አለው። ቲክቶክ ላይ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ሰው አስቀድሞ አጸያፊ ቃላትን መዝግቦ እንዳይታዩ ማገድ ይችላል። ሌላ ሰውም ተቆጣጣሪ አድርጎ ይሾማል፤ ያ ሰው ባለጌውን ያባርራል። ከልጆችዎ አንዱ ማታ ማታ ከእህቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይህን ይሥራ። ለንግዱ የሚሆን ለብቻው ሲም ካርድ ይውጣ። የግል ስልኳም የቤታችሁም አድራሻ አይነገር። ዕቃ የሚረከብ ሰው በቀን፣ ሱቁ ድረስ ይምጣ ወይም ሞተረኛ ይወሰድለት። ልጅቷ ለብቻዋ በምትከራየው ክፍል ውስጥ ሌሊት ከምትቆም፣ አባቷ ሱቅ ውስጥ ከወንድሟ ጋር ብትሆን ለእርስዎም እንቅልፍ ይሰጥዎታል።

አንቺም እህቴ፣ ስሚ

ዝና ያሳብዳል። ቀደም ሲል ያነሳሁት ሊ ጂያቺ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 አንድ ተመልካች 79 ዩዋን የሚሸጠው የቅንድብ እርሳስ ተወደደ ቢለው ተቆጣ። «እስቲ በነዚህ ዓመታት በርትተህ ሠርተሃል ወይ?» ወደሚል ስድብ ሄደ። ሰዉ ተናደደበት፣ ተከታዮቹ በገፍ ትተውት ሄዱ፣ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀ። ቪያ የምትባለው ሌላዋ ዝነኛ ሻጭ ደግሞ በዲሴምበር 2021 ታክስ ደብቃለች ተብላ 1.34 ቢሊዮን ዩዋን እንድትከፍል ተወሰነባት፤ ከስክሪንም ጠፋች። «ተወደደ» ያለሽን አትስደቢ፤ ከሸጥሽም ደረሰኝ ቁረጪ። በስልክ የተሸጠም ሽያጭ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 የወጣውም እንዲህ ያለውን ንግድ ሕግ ለማስያዝ ነው።

ዱባይን ደግሞ እንደ ካራ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪው። አባትሽን ያስፈራል እንጂ አያሳምንም። ይልቅ ይህን አስቢ። የሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች የሐበሻ ቀሚስ በስልክ ቪዲዮ እያሳዩ ዱባይም፣ ቤይሩትም፣ ዋሽንግተንም ላለች እህት ይሸጣሉ። እሷ መጥታ ጨርቁን መዳሰስ ስለማትችል ቪዲዮው ለሷ ጨዋታ ሳይሆን ብቸኛ መንገዷ ነው። አዲስ አበባ ያለች ዘመዷ ትረከብላታለች። አንቺም ለእናታቸውና ለወንድማቸው ጫማ መግዛት የሚፈልጉ ስንት ስደተኞች እንዳሉ ገምቺ። ከፋዩ ዱባይ፣ ተረካቢው መርካቶ! ዱባይ ከመሄድሽ በፊት ዱባይ ያሉትን ደንበኛ አድርጊ።

ዕቁቡ ምን ይሁን?

ጋሼ፣ ወደ ገንዘቡ ተመለስኩ። አስቀድሜ የማስታውስዎ አንድ ነገር አለ። ዕጣው ቀድሞ የወጣ ሰው ቀሪው መዋጮ ገና አለበት። ስለዚህ 300 ሺው ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ዕዳም አለበት። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ።

200 ሺውን አልሰጣትም፤ ባዶ እጇንም አልመልሳትም። 50 ሺህ ብር ለሦስት ወር ሙከራ እሰጣታለሁ። ጥሩ መብራት፣ ጠንካራ ስታንድ፣ የሞባይል ዳታ፣ የዕቃ ማሸጊያ፣ ለሚያግዛት ወንድሟ የኪስ ገንዘብ ከዚሁ ይውጣ። አዲስ ስልክ ካስፈለጋት ከትርፏ ትግዛ። ክፍል ኪራይ የሚባለው ይቅር፤ ስቱዲዮዋ ሱቁ ነው። 200 ሺውን ሱቁን ዕቃ ይሙሉበት፤ ግን ከዚያ ዕቃ ሩቡን ልጅቷ ትምረጥ። ወጣት ምን እንደሚጫማ እርስዎ ከሚያውቁት እሷ ታውቃለች። ቀሪው 50 ሺህ አይነካ፤ ለዕቁቡ መዋጮና ለክፉ ቀን ነው።

የንግዱ ደንብ ደግሞ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

አንደኛ፣ ዋጋ በአደባባይ ይነገራል። ኢንቦክስ የለም።

ሁለተኛ፣ ጉድለቱ ይታያል። ቆዳው አርቴፊሻል ከሆነ አርቴፊሻል ይባላል፤ ስፌቱ ከሳተ ስልኩ ወደ ስፌቱ ይጠጋል። ጉድለቱን ራሱ ያሳየ ሻጭ የቀረውን ሲያወድስ ይታመናል።

ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ክፍያ ዕቃው ሲደርስ ይሁን። ለሐዋሳና ለድሬዳዋ ገዢ በአውቶቡስ የሚላክ ከሆነ ግማሹ ቀድሞ ይከፈል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ መክፈል ቀሏል፤ ማጭበርበርም አብሮ ቀሏል። «ከፍያለሁ» ብሎ የሐሰት ምስል የሚልክ አለ። ገንዘቡ ሂሳባችሁ ውስጥ መግባቱን ሳታዩ ዕቃ አይውጣ።

አራተኛ፣ ልኩ ያልሆነለት ሰው ያልተጫማውን ጫማ በሦስት ቀን ውስጥ ሱቁ መጥቶ ይለውጥ። የተበላሸ ዕቃ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ይጠይቃል የሚል ድንጋጌ ይዞ ነው የወጣው። እናንተ ሕግ አስታዋሽ አትጠብቁ፤ ቪዲዮው ላይ ራሳችሁ ተናገሩት። የሌላው ሻጭ ተመልካች ወደ እናንተ የሚመጣው ይህን ሲሰማ ነው።

አምስተኛ፣ ሁለት ሰዓት ይረዝማል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት፣ ከ40 ደቂቃ ያልበለጠ ይበቃል። ለተመልካቹም ዳታ ገንዘብ ነው፤ ወሬ ሲበዛበት ይዘጋዋል። የቀሩትን ቀናት አንድ ጫማ፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ ደቂቃ የሆነ አጭር ቪዲዮ ቲክቶክም ቴሌግራምም ላይ ትልቀቅ።

ስድስተኛ፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ ተመልካቾች የሚልኩት ስጦታ የሱቁ ገቢ ተብሎ አይቆጠር። የስጦታ ገቢ የለመደ ሻጭ ገዢውን ትቶ ሰጪውን ማጫወት ይጀምራል፤ የናትየውም ፍርሃት ያኔ እውነት ይሆናል።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ደብተሩን ይዛችሁ፣ እናትየውም ባሉበት ቁጭ በሉ። በቪዲዮ የመጣው ትርፍ ወጪውን ሸፍኖ፣ ተመልሰው የመጡ ደንበኞች ካሉ፣ ያኔ ጨምሩላት። ካልሆነም የጠፋው 50 ሺህ ነው፤ ሱቁ ዕቃ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ልጅቷም ደንበኛ ማስተናገድ፣ ሂሳብ መያዝ ተምራለች።

ጋሼ፣ ወጣቱ በቪዲዮ ይገዛል ወይ ላሉት፣ አዎ ይገዛል። የሚገዛው ግን ከቪዲዮው ኋላ የቆመ ሰውና በር ሲያይ ነው። ስለዚህ አንድ ማታ እርስዎም ከልጅዎ ጎን ይቁሙ። መናገር ባይችሉ እንኳ ጫማውን ይዘው «ይህን ሶል አውቀዋለሁ፣ ክረምት አይችልም፤ ያኛውን ውሰዱ» ይበሉ። ያን የሚል ነጋዴ በሦስቱም ምሽት አላየሁም፤ ባየው ኖሮ እኔም እገዛው ነበር።

ባለቤትዎን ያስታርቁ፣ ልጅዎንም ጠርተው ይህን ደንብ አብራችሁ አንብቡ። የሦስት ወሩን ውጤት ጽፈው ይላኩልኝ።

እናንተም ውድ አንባብያን፣ በቪዲዮ አይታችሁ ገዝታችሁ ደስ ያላችሁ ወይም እንባ ያራጫችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ስም አላወጣም፤ የሻጩንም ስም አትጻፉልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!